አርባ ሁለት ቁጥር፣ ቢጫ ክዳን

ጥር 5

አክስቴ፣

ሰላምታው ይቆይና በይቅርታው ልጀምር፣ እሱ ነው ብዙ የቆየው። ስልኩን ጆሮሽ ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ከዘጋሁት በኋላ ግድግዳ ላይ የወረወርኩትም እኔው ነኝ። ስልክ ጠጋኝ ሆኜ የራሴን ስልክ መጠገን አቅቶኛል፣ ቦርዱ ለሁለት ተሰንጥቋል። አሰሪዬ አገላብጦ አየውና «ይሄ ስልክ አይደለም፣ ማስረጃ ነው» አለኝ።

እማዬ መልእክትሽን ነግራኛለች። «እኔና እሷ በስልክ ሁለት ደቂቃ ካወራን እንጣላለን፣ በወረቀት ትጻፍልኝ፣ እስክሪብቶ ከምላሷ ይዘገያል» ብለሻል አሉ። እሺ፣ ይኸው። የናንተ ላብራቶሪ መኪና በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ እዚህ ጤና ጣቢያ ደም ሊወስድ ሲመጣ ሾፌሩ ደብዳቤም ሊያደርስልኝ ተስማምቷል። «ከደሙ ጋር አልቀላቅለውም» ብሎኛል።

አሁን ስለ እህትሽ ለጠየቅሽኝ ልመልስ። ጠዋት እጇ ደርቆ የሚቆየው አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። በግምት አይደለም፣ በሰዓት ነው የለካሁት። ያበጠው ሁለቱም እጇ ነው። ጫፍ ጫፉ ላይ አይደለም፣ ጣት ከመዳፍ የሚገናኝበት ቦታና አንጓዋ ላይ ነው። ቧንቧ የምትከፍተው በክርኗ ነው። የሸሚዟን ቁልፎች ጠዋት ጠዋት የምቆልፍላት እኔ ነኝ፣ ስድስት ናቸው። ቀኑን ሙሉ የሰው ኮሌታ ስትሰፋ የምትውል ሴት የራሷን ኮሌታ መቆለፍ አቅቷታል።

ጤና ጣቢያው ደም መርምሮ ወረቀት ሰጥቷታል። «አር ኤፍ፣ ኔጌቲቭ» ይላል። ሐኪሙ «ደምሽ ንጹህ ነው፣ የሥራ ድካም ነው» ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኛት። ስፌት ቤት ያለችው አለቃዋ ደግሞ ወረቀቱን አየችና «ደሙ ደህና ከሆነ እጁ ምን ሆኖ ነው?» አለቻት፣ እዛው በሰው ፊት። እኔ አልነበርኩም። እንኳንም አልነበርኩ።

የኔም ጥያቄ ይሄ ነው። ደም ይዋሻል እንዴ? ክፍል ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር ስጠይቅ ነው መምህሩ «አትጠይቂ፣ ጻፊ» ያለኝ፣ እኔም ዳስተር የወረወርኩት። እሱን አልመታሁትም። ሰሌዳውን ነው። ይሄ ልዩነት ለማንም አልገባውም።

የቁርጥማት ጥናታችሁ ውስጥ ግቡ ላልሽው እማዬ እሺ ብላለች። እኔም እሺ። እሷ በበሽተኛ በኩል፣ እኔ ለማነጻጸሪያ በጤነኛ በኩል። በሕይወቴ ጤነኛ ተብዬ ስፈለግ የመጀመሪያዬ ነው።

ክብሪትሽ


ጥር 18

ክብሪቴ፣

ይቅርታሽ ከበረዶው ሳጥን ጎን ተቀምጦ ስለመጣ ቀዝቅዞ ነው የደረሰኝ። ለኛ ቤት ሰው ጥሩ ነው፣ ሁሌም በሱ ላኪው። እኔም ይቅርታ፣ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ማለት አልነበረብኝም። የእህቴን ጠዋት በሰዓት የለካሽ አንቺ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም።

ደም አይዋሽም። ግን የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። እነሱ አንድ ጥያቄ ጠየቁት፣ «የለም» አለ፣ እነሱም ወደ ቤት ሰደዷት።

እንዲህ አድርገሽ እይው። ሰውነታችን ዘበኛ አለው። ሥራው ከውጭ የሚገባ ጀርም ማባረር ነው። የእናትሽ ዓይነት ቁርጥማት ሲመጣ ዘበኛው ይሳሳትና የቤቱን ሰው ሌባ ብሎ ይይዛል፣ መገጣጠሚያ መገጣጠሚያውን ይለዋል። አር ኤፍ የዘበኛው አንዱ ዱላ ነው። ደም ውስጥ ተገኘ ማለት ዘበኛው ታጥቋል ማለት ነው። ሌላም ዱላ አለ፣ ስሙ ምላስ ስለሚያስር እኛ እዚህ «ሁለተኛው» እንለዋለን። እሱን ጤና ጣቢያችሁ አልጠየቀም፣ መሣሪያውም የለውም።

ሌላው ጥያቄ ዱላውን ትቶ ስለ ድብደባው ነው። ደሙን ቀጭን ቱቦ ውስጥ አቁመን እንተወዋለን። ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጣል። በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደወረደ እናነባለን። ሰውነት ውስጥ ብግነት፣ የድብደባው እብጠት፣ ካለ ቶሎ ይወርዳል። ማሽን የለው፣ ድምፅ የለው፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። ሃያ ዓመት አይቼዋለሁ፣ አልሰለቸኝም።

ከእያንዳንዳችሁ ሁለት ብልቃጥ ይወሰዳል። ወይን ጠጅ ክዳን ያለው ለዝቅጠቱ፣ ቢጫ ክዳን ያለው ለዱላዎቹ፣ እዚያ ቀዩ ይወጣና ውሃው ብቻ ይቀራል። ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ያለው ስቲከር ነው የሚለጠፈው። አደራ፣ ቁጥራችሁን እንዳትነግሪኝ። ይሄ ሕግ ነው። የማን እንደሆነ ካወቅኩ ዓይኔ ያዳላል፣ ያለውን ትቼ የምጠብቀውን ማየት እጀምራለሁ።

የእናትሽን እጅ ቀስ ብለሽ ያዢልኝ።

አክስትሽ


የካቲት 3

አክስቴ፣

ዛሬ ሰጠን። ሾፌሩ ሳጥኑን እየጫነ ነው፣ እኔ ደግሞ አግዳሚ ወንበር ላይ ነኝ፣ ክንዴ ላይ ጥጥ ተለጥፏል።

እማዬ መርፌ ትፈራለች። ይሄን ታውቂ ነበር? «ሃያ ሰባት ዓመት ከመርፌ ጋር ኖረሽ» አልኳት። «ያኔ እኮ ጫፉ ወደኔ አልነበረም» አለችኝ። ደም ቀጂዋ አጭር ሴትዮ ናት፣ አፏ አያርፍም፣ ሁሉንም ሰው «የኔ ማር» ነው የምትለው። እጇ ግን ከአፏም ይፈጥናል። እማዬ ዞር ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን የእጅ መታጠቢያ ሥዕል እያየች ሳለ አለቀ።

ከኔም ወሰደች። እኔ ዞር አላልኩም። ደም እንደዛ ጠቆር ያለ መሆኑን አላውቅም ነበር። ብልቃጡ ይሞቃል፣ ይሄንም አላውቅም ነበር። ደም ቀጂዋን «ለምን ይጠቁራል?» አልኳት። «የኔ ማር፣ ወደ ሳንባ እየተመለሰ ስለነበረ ነው፣ መንገድ ላይ ያዝነው» አለችኝ። ዳስተር የማያስወረውር መልስ እንዲህ ነው።

አራቱን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ስቲከር ከለጠፈች በኋላ በር ላይ ጠሯት። እኔም ሾፌሩ እንዳያመልጠኝ ላየው ወጣሁ። ስመለስ እማዬ ብቻዋን ብልቃጦቹን እያየች ነበር። «ያንቺ ይቀላል» አለችኝ። አንድ ቀለም ናቸው።

የእማዬ አርባ አንድ ነው፣ የኔ አርባ ሁለት። ውይ። አትንገሪኝ ብለሽ ነበር። በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት፣ ሌላ ወረቀትም የለኝም። ብሰርዘውም በመብራት አሳልፈሽ ታነቢዋለሽ፣ አውቅሻለሁ። እንዳላየ ሁኚ።

ክብሪት


የካቲት 17

አክስት፣

ደብዳቤሽ አሁን ደረሰኝ። ሾፌሩ ሳጥኑን እስኪጭን ነው የምጽፈው፣ ስለዚህ ፊደሌን እንዳታይው።

ግማሽ ገጽ ነው። አንቺ ግማሽ ገጽ ጽፈሽ አታውቂም። ግማሹን ግማሽ ሰላምታው ወስዶታል፣ ጎረቤት ሁሉ እንዴት ነው ብለሻል፣ ጎረቤቶቻችንን አታውቂያቸውም። ቀሪው ጥያቄ ነው። ቆጠርኳቸው፣ ሰባት ናቸው። ሁለቱ ስለ እማዬ ነው፣ አምስቱ ስለኔ።

እሺ። ጠዋት ጣቶቼ አይደርቁም። ወረንጦ ይዤ ከጥፍር የምታንስ ብሎን ነው የማነሳው፣ ቢደርቁ አውቅ ነበር። ጉልበቴም እግሬም ደህና ነው። ድዴ ስቦርሽ ይደማል፣ ድሮም ይደማል። ጉንፋን አልያዘኝም። አዎ፣ አጨሳለሁ። በቀን ሁለት፣ ስናደድ ሦስት፣ ብዙ ጊዜ እናደዳለሁ። ከሱቁ ጀርባ ነው፣ እማዬ አታውቅም፣ ብትነግሪያት ሁለተኛ አልጽፍልሽም። አንቺስ በምን ጠረጠርሽ? ወረቀቱ ሸተተሽ እንዴ?

የእማዬ ሁለቱ ጥያቄዎች መልሳቸው እንደበፊቱ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ሰው የተበላሸ ስልክ ሲያመጣልኝ የምጠይቀው ስለተበላሸው ነው። አጠገቡ ስላስቀመጠው ደህና ስልክ አምስት ጥያቄ የጠየቅኩ ቀን፣ ደህናው ውስጥ የሆነ ነገር አይቻለሁ ማለት ነው።

አርባ ሁለት ውስጥ ምን አየሽ?

ሞተሩን አስነሳው፣ ሄድኩ።


መጋቢት 1

ልጄ፣

ልክ ነሽ። ፈርቼ ነው ግማሽ ገጽ የጻፍኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁለት ጊዜ። አንደኛው ስለደበቅኩሽ። ሁለተኛው የማን እንደሆነ እያወቅኩ ስለመረመርኩ። ለኃላፊዬ ሄጄ ነገርኳት። ተቆጣችኝ፣ የናንተን ብልቃጦች ለሌላ ሰው ሰጥታ እንደገና አስመረመረች። የኔንና የሌላውን ስታስተያየው አንድ ሆነ። ከዛ «ውጤቱ የልጅቷ ነው፣ ንገሪያት» አለችኝ።

እነግርሻለሁ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

አርባ አንድ፣ ወይን ጠጅ ክዳን፤ በአንድ ሰዓት ሰባ አራት ሚሊሜትር ወርዷል። ከሃያ ወይ ከሠላሳ ማለፍ አልነበረበትም። ድብደባው አለ ማለት ነው፣ ድካም አይደለም። አርባ አንድ፣ ቢጫ ክዳን፤ አንደኛውም ዱላ የለም፣ ሁለተኛውም የለም።

አርባ ሁለት፣ ወይን ጠጅ፤ ስምንት ሚሊሜትር። ሰላም ነው። አርባ ሁለት፣ ቢጫ ክዳን፤ ሁለተኛው ዱላ አለ። ልኩ እስከ ሃያ ነው። ይሄ ሁለት መቶ አስር ነው።

እጇ ያበጠባት ዱላ የላትም። ዱላ ያለው ሰው እጁ አላበጠም። እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ አይቼ አውቃለሁ። ግን ሳስበው ሌላም መንገድ አለ። የሁለታችሁ ቢጫ ክዳኖች ብቻ ስቲከራቸው ተቀያይሮ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ሁሉም የእናትሽ ይሆናል፣ አንቺ ነጻ ነሽ። ካልተቀያየረ ሁለተኛው ያንቺ ነው። ዛሬ በሽታ አይደለም፣ ግን ከበሽታው ዓመታት ቀድሞ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ደም ቀጂዋን ጠይቂልኝ፣ ያን ቀን ስቲከሩን እንዴት እንደለጠፈች። በእርጋታ። እርጋታ ማለት ምን እንደሆነ ከረሳሽ ሾፌሩ ያሳይሻል።

አክስትሽ


መጋቢት 14

አክስቴ፣

በእርጋታ አልጠየቅኩም። መጀመሪያ ይሄን ልናዘዝ።

ጤና ጣቢያው ሄጄ ሰው ሁሉ ተራ ይዞ በተቀመጠበት «ደማችንን አቀያየርሽው» አልኳት። ድምፄ እንደወጣ የታወቀኝ ሰዎቹ ዞር ሲሉ ነው። «የኔ ማር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ነው የምቀዳው፣ የማንንም አላቀያየርኩም» አለች። «የሃያ ሁለት ዓመቱን አይደለም የጠየቅኩሽ፣ የዛን ቀኑን ነው» አልኳት። መዝገቧን አወጣች። በሰው ሁሉ ፊት ገጹን ጣቷን እያስኬደች አሳየችኝ፣ ያኔ አፈርኩ። ለጥፋ ነው የወጣችው፣ ቅደም ተከተሉ በእጇ ጽሑፍ አለ። «ግን ለደቂቃ በር ላይ ጠርተውኛል፣ ያንን አልክድም» አለችኝ። በዛች ደቂቃ እኔም ውጭ ነበርኩ። ክፍሉ ውስጥ የነበረችው እማዬ ብቻ ናት።

ማታ እራት ላይ ደብዳቤሽን ለእማዬ አነበብኩላት፣ ሁሉንም። ሁለት መቶ አስር ስል ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ካልተቀያየረ ያንቺ ነው» የሚለውን ስጨርስ ደግሞ ሳህኗን ገፋች። ከዛ ምን አለች መሰለሽ?

«እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

«ምን?»

«ቢጫ ቢጫዎቹን። ሴትዮዋ ስትወጣ። ደሜ መጥፎ ነገር ከተናገረ አለቃዬ ትሰማለች፣ ታባርረኛለች ብዬ ፈራሁ። ስቲከሩን አንስቼ ያንቺን ለኔ፣ የኔን ላንቺ አደረግኩ። ጅል ነኝ፣ ምን ታደርጊኛለሽ።»

አቀፍኳት። በሕይወቴ ሰው ስላጭበረበረ ሳቅፍ የመጀመሪያዬ ነው። አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳቅኩ። ስለዚህ ተገኘልሽ፣ አክስቴ። ዱላውም ድብደባውም የእሷ ነው፣ መድኃኒት ይሰጣት። እኔ ነጻ ነኝ። ነገ ጠዋት ደብዳቤውን ለሾፌሩ እሰጠዋለሁ።


መጋቢት 15፣ ጠዋት

አልሰጠሁትም፣ ከፍቼ እየጨመርኩ ነው።

አሁን ሸሚዟን ስቆልፍላት ነበር። እንደሁልጊዜው ቆማ አገጯን ቀና አድርጋለች። ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

ያን ስቲከር አይቼዋለሁ። ቀጭን ነው፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ፣ ብልቃጡን ሁለት ጊዜ ይዞረዋል። እኔ ራሴ በጥፍሬ ብሞክር ደቂቃ ይፈጅብኛል፣ ምናልባትም ይቀደዳል። እሷ የሸሚዝ ቁልፍ በቀዳዳ ማሳለፍ የማትችል ሴት ናት። ጊዜው ደግሞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር፣ ከተነሳች አንድ ሰዓት አልሞላትም፣ እጇ ገና አልተፈታም ነበር። በዛች ደቂቃ ሁለት ስቲከር ልጣ፣ አቀያይራ፣ ሳትቀድድ መልሳ ለጠፈች?

ስድስቱንም ቆለፍኩ። «ዛሬ ዘገየሽ» አለችኝ።

አክስቴ፣ እማዬ እየዋሸች ይመስለኛል። ግን «ይመስለኛል» አይበቃኝም። እሷንም ብጠይቃት አትናገርም፣ ሲፈቷት የማትላላ ብሎን ናት። ስለዚህ ደሙን ጠይቂው። የትምህርት ቤት መታወቂያዬን ከፍራሹ ስር አወጣሁት፣ የደም ዓይነቴ ቢ ነው ይላል። ከዛ ትምህርት ቤት ይዤ የወጣሁት ጠቃሚ ነገር እሱ ብቻ ነው። የእማዬ የእርግዝና ክትትል ካርድ ኦ ይላል። ቢ ከአባቴ መሆን አለበት፣ ሌላ ምንም ስላልተወልኝ እሱን እቀበላለሁ። እንደጻፍሽልኝ ቢጫ ክዳኑ ውስጥ የቀረው ቀዩ የወጣለት ውሃ ነው። እሱ ውሃ የማን እንደሆነ፣ ቢ ወይ ኦ ብሎ መናገር ይችላል?

ደም የተጠየቀውን ይመልሳል ያልሽው አንቺ ነሽ።

ክብሪት


መጋቢት 28

ልጄ፣

ይችላል። ከኔ ቀድመሽ ይሄን ማሰብሽ ትንሽ አስቀንቶኛል። ኃላፊዬን አስፈቅጄ ነው የሠራሁት።

መልሱን ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ማወቅ አለብሽ። እናትሽ ደውላልኝ ነበር። አንቺ ደብዳቤውን ለሾፌሩ በሰጠሽ በማግስቱ፣ ምርመራውን ሳልጀምር። «ደሙ የኔ ነው በያት፣ በቃ» አለችኝ። ስልኩን ግን አልዘጋችም። ታናሽ እህቷ ነኝ፣ እምቢ ብያት አላውቅም። እሺም አላልኳት፣ እምቢም አላልኳት። «እጅሽ እንዴት ነው» አልኳት።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያደረግኩትን ልንገርሽ፣ ብትኖሪ ደስ ይልሽ ነበር። ነጭ ሳህን ላይ የታወቀ የኤ ሰው ቀይ ደም ጠብታ አደረግኩ፣ ጎኑ የታወቀ የቢ ሰው ጠብታ። በላያቸው ከቢጫ ክዳኑ ውሃ ጠብ አደረግኩ። ዘበኛው የራሱን ዓይነት ደም አይነካም፣ የማያውቀውን ግን ይይዝና ያጓጉለዋል። የአርባ አንድ ውሃ ሁለቱንም አጓጎለ፣ ኤንም ቢንም። እሱ ኦ ነው፣ የእናትሽ ነው። የአርባ ሁለት ኤን አጓጎለ፣ ቢ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ቢን የራሱ አድርጎ ያውቀዋል።

አልተቀያየረም። ሁለት መቶ አስሩ ያንቺ ነው።

ይሄ ምን ማለት እንደሆነ፣ ምን ማለት እንዳልሆነም ስሚ። ታመሻል ማለት አይደለም። ዱላ ይዞ ዕድሜ ልኩን ማንንም የማይመታ ዘበኛ አለ። የሚመታም አለ፣ መቼ እንደሚጀምር አናውቅም፣ ለምን እንደሚጀምርም በደንብ አናውቅም። እኛ ሁላችንም እዚህ ቤት ደም ስናሽከረክር የምንውለው ይሄን ስላላወቅን ነው። የምናውቀው ትንሽ ነው። ጭስ ይቀሰቅሰዋል። የታመመ ድድም ይጠረጠራል። ስለዚህ ያንን ነገር ከሱቁ ጀርባ ተይው፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ በየስድስት ወሩ ደም ስጪ፣ ጠዋት ጣትሽ ከደረቀ ሳታድሪ ጻፊልኝ።

እናትሽ ደግሞ ዱላው ባይገኝባትም በሽታው እውነት ነው። ከመቶ ሃያ ሠላሳው እንዲህ ነው። የመገጣጠሚያ ሐኪም ሚያዝያ 14 ቀጥራታለች፣ ወደኔ ትምጣ። ሐኪሟ ወረቀት ብቻ አይታ አትሸኝም፣ እጅ ይዛ የምታይ ሴት ናት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሳትቸኩዪ መልሺልኝ። ለእናትሽ ምን ልበላት?

አክስትሽ


ሰኔ 9

አክስቴ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሳልቸኩል እንድመልስ ስላልሽኝ ነው፣ አንዴ እንኳን ያልሽኝን ላድርግ ብዬ።

ያን ደብዳቤ ያነበብኩት ሱቅ ውስጥ ነው። እንደጨረስኩ የምወረውረው ነገር ፈለግኩ። እጄ ላይ የነበረው የደንበኛ ስልክ ነበር። ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት። ከዛ ካቻቢቴውን አስቀመጥኩ፣ ወረንጦውንም። ከዛ ባዶ እጄን አየሁት። ምንም የለውም። ጨበጥኩት፣ ዘረጋሁት። አሰሪዬ «ከማን ጋር ልትደባደቢ ነው?» አለኝ። «ከዘበኛ ጋር» አልኩት። ሲጋራ ልወጣ ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ፣ ተመለስኩ። ዛሬ ካቆምኩ ሰባ አንደኛ ቀኔ ነው። እስካሁን ከሦስት ደንበኛ ጋር ተጣልቻለሁ፣ ግን ሁሉም ጥፋተኞች ነበሩ።

እማዬ እናንተ ጋ ደርሳ ከመጣች ጀምሮ ኪኒኗን በሳምንት አንድ ቀን ትውጣለች፣ ቀኑን ካላንደር ላይ አከብባለሁ። ከደም መኪናው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ መሄዷን ለሰው ሁሉ ተናግራለች። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ ሲያወራት ዋለ አሉ። የሐኪሟን ወረቀት ለአለቃዋ ወስዳ ሰጠቻት። አለቃዋ አንብባ «እንግዲህ ቶሎ ዳኚ» ብቻ አለች፣ ለእሷ ይሄ ይቅርታ ነው። ወደ ቁልፍ መትከያው ማሽን አዛውራታለች፣ እዚያ ከእጅ ይልቅ እግር ነው የሚሠራው።

ደም ቀጂዋንም ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ሰው ሁሉ ተራ ይዞ በተቀመጠበት፣ የጮህኩት እዛ ስለሆነ። «የኔ ማር፣ ረስቼዋለሁ» አለች። አልረሳችም። ግን አንዱን ማክሰኞ አስቀምጣኝ፣ የሆነ ሰው ደም ቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ሲዘቅጥ አሳየችኝ። ሰዓቴን ይዤ አንድ ሰዓት ሙሉ አየሁት። ሳየው አይንቀሳቀስም፣ ዞር ብዬ ስመለስ ወርዷል። ለምን ቶሎ እንደሚወርድ ጠየቅኳት። ብግነት ሲኖር ቀዮቹ እንደ ሳንቲም ይደራረባሉ፣ ስለሚከብዱ ነው አለችኝ። ለምን ይደራረባሉ ስላት «እሱን አክስትሽን ጠይቂ» አለች። ይኸው ጠይቄሻለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ለእማዬ ምን ትበያት?

ምንም። አንቺም ምንም፣ እኔም ምንም። የእሷ ነው ብላለች፣ የእሷ ይሁንላት። ያመንኳት ሲመስላት ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ግን አላመነችም፣ አክስቴ፣ ራሷ የዋሸችውን ራሷ አላመነችም። በየጠዋቱ ሰበብ አላት። «ይሄን ክዳን ክፈቺልኝ።» «መርፌዋን ክር አስገቢልኝ።» «እስኪ እጄን ጨብጪኝ፣ ሞቋል ወይ?» ክዳኑን አታየውም፣ ክሩንም አታየውም። ጣቴን ነው የምታየው። ቁልፏን ስቆልፍላት ደግሞ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሰማሁ፣ እየቆጠረች ነው። ስድስቱን በስንት ቆጠራ እንደምጨርስ ነው የምትለካው። እኔ የእሷን ጠዋት በሰዓት ለካሁ፣ እሷ የኔን በከንፈሯ።

ስለዚህ ፈጥኜ ነው የምቆልፈው። የፈለገ እንቅልፍ ቢኖረኝ፣ ፈጥኜ።

ትናንት ግን አምስቱን ቆልፌ ስድስተኛው ላይ፣ ኮሌታዋ ላይ፣ እጄን ያዘችኝ። «ተይ» አለች። ሁለት እጇን አነሳች። ጊዜ ፈጀባት። ቁልፏ አንዴ ሾለከች፣ ደግሞ ሾለከች፣ ከዛ ገባች። እኔ ደግሞ ቀና ብዬ ጣሪያውን እያየሁ ስቆጥር ነበር። ሠላሳ አንድ።

«ምን እያልሽ ነው?» አለችኝ።

«ጸሎት» አልኳት።

ነሐሴ ላይ ደም እሰጣለሁ። ቁጥሬን ይሄን ጊዜ አልነግርሽም። ውጤቱን ስታውቂ ግን ግማሽ ገጽ እንዳትጽፊልኝ፣ ጎረቤቶቻችንንም እንዳትጠይቂ። ቁጥሩን አስቀድሚው። ሰላምታው በኋላ ይደርሳል።

ክብሪትሽ